የቀነዓ ደም መላሽ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የቀነዓ ነገር ሥሩ ግራ እግሩ ላይ ነበር። እሱ ግን ሌላ ቦታ ሲፈልገው ቀኑን ሙሉ ሲንከራተት ዋለ፤ ለዚያውም በአንድ እግር ጫማ።

ቀነዓ ፀጉር አስተካካይ ነው። አምቦ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ሁለት መስታወትና አንድ የምትሽከረከር ወንበር ያላት ጠባብ ቤት አለችው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይቆማል፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ቆሞ ሃያ ምናምን ዓመት የኖረ ሰው እግሩ ደህና ሊሆን አይችልም። ግራ ባቱ ላይ ሰማያዊ ሥሮች ተጠማዝዘው፣ ተቋጥረው፣ ከቆዳው በላይ ወጥተዋል። ሚስቱ ባየሽ ማታ ማታ በሞቀ ውሃና በጨው እያሸችለት፣ ይህ እግር አንድ ቀን ጉድ ያፈላል ትለዋለች። የቆመ ሰው እግሩ ቢያብጥ ምን ይገርማል ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምትለውን ተረት ለደንበኛው ሁሉ ይተርታታል፤ ለራሱ ሲሆን ጆሮው ይደፈናል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ?

የሚደብቀው ግን እግሩን ብቻ አልነበረም። ፀጉር ሊቆረጥ የሚገባ ሰው ሁሉ በኦሮምኛ "አካም ጂርታ?" ብሎ ይገባል፣ የተቀመጠው "ነጋ ጂራ" ብሎ ይመልሳል። ያኔ የቀነዓ መቀስ ለአፍታ ቀጥ ትላለች። ጂራ ማለት እኮ አለሁ ማለት ነው፤ አለ ማለትም ነው። አምቦ ላይ በቀን ሺህ ጊዜ የሚባል ሰላምታ ነው። ቀነዓ ግን ጂራ የሚባል ሰው ገድሏል።

አትደንግጡ። ሰው ሊገድል የወጣ ሰው አልነበረም። ደንዲ ነው የተወለደው፣ ጊንጪ አካባቢ፣ በፈረስ አገር። የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ በጥምቀት ማግስት ጉግስ ሲጫወቱ፣ የወረወረው ዘንግ ጋሻውን ስቶ ጂራን ጆሮ ግንዱ ላይ አገኘው። ጂራ ጓደኛው ነበር፤ በአንድ ትሪ የበሉ፣ የአንዱን ፈረስ አንዱ የጋለበ። ከፈረሱ መሬት ሲደርስ ነፍሱ የለችም። ደሙ እንኳ ብዙ አልነበረም፤ ከጆሮው በቀጭኑ ወርዶ የጋቢውን ጠርዝ ነካ፣ በቃ። ቀነዓ ፈረሱን እዚያው ጥሎ በእግሩ ሸሸ።

በአገሩ ደንብ ሳያስብ የገደለም ቢሆን ጉማ፣ የደም ካሳ፣ ያወጣል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የሟች ወገንና የገዳይ ወገን ይታረቃል፣ ደሙ ይደርቃል። የቀነዓ አባት ሽማግሌ ልከው ነበር። የጂራ ሚስት ጋዲሴ የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ ወጣችና፣ አባትየው አልገደለም፣ የወረወረው እጅ ራሱ ይምጣ አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። እጁ ግን አልሄደም፤ ፈራ። ከመኸር በኋላ እሄዳለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ ሲል አባቱ ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ እንኳ አልቆመም።

አንድ ቀን አንድ የጊንጪ እህል ነጋዴ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወሬ ሲያወራ፣ ያንን በጉግስ የሞተውን ጂራን ሰምተሃል፣ ደም መላሽ ትቶ ነው የሞተው ይላሉ፣ ልጁ ሮብሳን ጎርምሷል አለው። ነጋዴው ጭንቅላቱን ለማን እንዳስረከበ አያውቅም። ቀነዓ የሰውየውን ጆሮ በምላጭ ጫረውና ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደም መላሽ የምትለዋ ቃል ከጆሮው አልወጣችም። የማያውቀው ወጣት ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ ሳይል ምላጭ አያነሳም። ደንበኞቹ ደግሞ ቀነዓ እንዴት ያለ ተጫዋች ሰው ነው ይላሉ።

እንዲህ እያለ ሃያ አራት ዓመት ሞላው። በጥቅምት ታይፎይድ አሥር ቀን አልጋ ላይ ጣለው። በአሥራ አንደኛው ቀን ተነስቶ ሱሪውን ሊለብስ ሲል ግራ እግሩ አልገባ አለው። ባቱ አብጦ ይግላል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፣ ሲነኩት ያማል። ባየሽ አልተከራከረችም። ባጃጅ ጠርታ፣ ጎትታ አስገብታ፣ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

ነርሷ ሂዳያ ትባላለች። ቡታጅራ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አባቷ አምቦ ገበያ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ እሷም ኮሌጅ ስትጨርስ ተከትላቸው መጣች። ኦሮምኛዋ ገና ከሰላምታ ብዙ አልራቀም። ሥራዋ ላይ ግን የምትታማ አይደለችም። ከአባቷ ሱቅ ባመጣችው የልብስ ሰፊ ሜትር ሁለቱንም ባቶቹን ለካች፤ ግራው በአራት ጣት በልጦ ተገኘ። ጫን ስትለው ቀነዓ ጥርሱን ነከሰ። ፊቷ ተለዋወጠ። ባየሽን ካርድ ክፍል ላከቻትና፣ ኦቦ ቀነዓ እንዳይነሱ፣ መጣሁ ብላ ወደሚቀጥለው ክፍል ገብታ ስልክ አነሳች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ እናንተም እንደ ቀነዓ ግራ እንዳትጋቡ። ሂዳያ ስለ ደም ሥር የተማረችው ስድስተኛ ክፍል ነው፤ መምህሯ በዜማ ነበር የሚያስጠኗቸው። ደም ቅዳ ከልብ ቀድቶ ይወስዳል፣ ደም መላሽ ወደ ልብ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ ስንት ጊዜ ተማረችው! ስትደነግጥ ግን አፏ ላይ የሚመጣው ያ የልጅነት ዜማ ነው። ሆስፒታል ያለው ዶክተር ደግሞ፣ በሽተኛው ሰምቶ እንዲገባው በአማርኛ አውሩ የሚል ሰው ነው። እግዜር ያሳያችሁ።

በሁለቱ ክፍሎች መሃል ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ነው። ከወዲያ ማዶ ሕፃናት እየተከተቡ ያለቅሳሉ። ቀነዓ በለቅሶው መሃል መሃል የሰማው ይህን ነው። መጀመሪያ ሂዳያ በዚያችው በምታውቃት ኦሮምኛ፣ "ሄሎ፣ አካም ጂርቱ? ዶክተር ጂራ?" አለች። ዶክተሩ አለ ወይ ማለቷ ነበር። ቀነዓ ጂራ የሚለውን ብቻ ሰማ፤ የራስ ቅሉ ቀዘቀዘ። ከዚያ በአማርኛ ቀጠለች።

"ቀነዓ ይባላል፣ ፀጉር አስተካካዩ። አዎ፣ ደም መላሹ ነው። በግራ በኩል። ከታች ተነስቶ ጉልበቱ ጋ ደርሷል።" ሕፃን አለቀሰ። "የለም፣ እንዳይደነግጥ አልነገርኩትም። አሁን ዝም ብሏል፤ ከተንቀሳቀሰ ግን ቀጥታ ወደ ልብ ነው፣ ያኔ ማንም አይደርስለትም። እሺ፣ መኪናው እስኪመጣ እዚሁ አስተኝቼ አቆየዋለሁ።"

ቀነዓ ወደ ግራ ዞረ። በግራ በኩል መስኮት አለ። ከመስኮቱ ውጭ አንድ የማያውቀው ወጣት ሞተር ሳይክል ተደግፎ ቆሟል፤ ምናልባት ሚስቱን እየጠበቀ ነው፣ ምናልባት ምንም አይደለም። ለቀነዓ ግን ነገሩ አለቀ። ደም መላሹ መጥቷል። ከታች ተነስቶ፣ ከጊንጪ መንገድ መሆኑ ነው፣ ደርሷል። ልጅቷ ታውቃለች። እስኪመጡ አስተኝታ ልታቆየው ነው!

ተነሳ። ግራ ጫማው አልገባ ስላለው ትቶት በካልሲ በጓሮ በር ወጣ።

እስቲ አስቡት። ባየሽ በፊት ለፊት ካርድ ይዛ እየገባች፣ ባሏ በጓሮ ያነክሳል። ሊጠራት አሰበና ተወው፤ እሷን ለምን ላስፈጃት አለ። መናኸሪያው ሲደርስ ላብ አጥምቆታል። የሚያውቁት ሁሉ ሲያልፉ ነጋ፣ አካም፣ ጂርታ ይሉታል፤ ከአፋቸው የሚወጣ ጂራ ሁሉ ጀርባውን ይወጋዋል። አዲስ አበባ ልሂድ? አዲስ አበባ ማን አለኝ? እንጭኒ አንድ የአክስቱ ልጅ አለ፤ ግን እንጭኒ ሄዶስ እስከ መቼ? ያቺ ልጅ ደግሞ ከነሱ ጋር ምን አገናኛት፣ የደቡብ ልጅ አይደለችም እንዴ፣ ሮብሳን አግብቷት ይሆን? ሐሳቡ እንደ ተበጣጠሰ ፈትል አልያያዝ አለው።

በዚህ መሃል አንድ ረዳት "ጊንጪ፣ ጊንጪ፣ የሞላ!" እያለ በአጠገቡ አለፈ። ቀነዓ ቆመ። ደም መላሹ አምቦ ከሆነ፣ ጊንጪ የለም ማለት ነው። ጊንጪ ከሌለ ደንዲ ውስጥ፣ ጋዲሴ ቤት፣ ጋዲሴ ብቻዋን ናት። እሱ አምቦን ሲያስስ እኔ እናቱ እግር ላይ ብወድቅስ? የፈራ ሰው ሒሳብ እንዲህ ነው፤ ከአንበሳ ለማምለጥ የአንበሳው ዋሻ ውስጥ ይገባል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ሃያ አራት ዓመት መሸሽ ደክሞት ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ ከኋላ ወንበር ላይ ታጠፈ።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ባየሽ። ባየሽ። እንደገና ባየሽ። ከዚያ የማያውቀው ቁጥር። ያ ቁጥር የማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም አለና ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰው። እግሩ በታጠፈበት ይመታል፣ ትር ትር ይላል። አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ ካልሲውን አይተው፣ ምነው ልጄ ጫማህ አሉት። ጤና ጣቢያ ቀረ አላቸው። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ከጊንጪ እስከ መንደሩ ግርጌ በጋሪ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው፣ በእግር ብቻ። በየአሥር እርምጃው ይቆማል፤ እግሩ እንደ ረጠበ ጆንያ ከብዶታል፣ ትንፋሹም አጥሯል። ወንዟ ዳር ሲደርስ ጎንበስ ብሎ እርጥብ ሣር ነጨ። በዚያ አገር ምሕረት የሚለምን ሰው ሣር ይዞ ይቀርባል። ሽማግሌ የለውም፣ ወገን የለውም፣ ሣሩ ብቻ ነው ያለው።

ጋዲሴ ደጇ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ታበጥራለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ሰው ሲመጣ ቀና ብላ ፀሐዩን በእጇ ከለለችና በኦሮምኛ ማነው አለች።

"የወረወረው እጅ ነው" አለ ቀነዓ፣ ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ።

ሰፌዱ ከጭኗ ወረደ።  ልትጮህ ነው አለ በልቡ፤ አልጮኸችም። ፊቱን አየች፣ ከዚያ እጁን፣ ከዚያ ካልሲ ያጠለቀውን ያበጠ እግሩን። "እጁ ይምጣ ነበር ያልኩት" አለች በመጨረሻ፣ "ይህ እግር ምንድነው?"  ቀነዓ እግሩን እየጎተተ ሄዶ የደጁ መደብ ላይ ተቀመጠ።

በዚያው ቅጽበት ከጓሮ አንድ ረዥም ወጣት የሣር ሸክም በትከሻው፣ ማጭድ በእጁ ይዞ መጣ። ግንባሩ የጂራ ግንባር ነው፤ አካሄዱም የጂራ ነው። ቀነዓ እንደዚያ ዓይነት ግራ መጋባት በዕድሜው ገጥሞት አያውቅም። "አምቦ አይደለህም እንዴ?" አለው።

ሮብሳን እንግዳውን ትክ ብሎ አየው። እኔ አምቦ ምን አደርጋለሁ አለ፣ አምቦ ከሄድኩ ሁለት ዓመቴ። ቀነዓ ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ ሞተር ሳይክሉ፣ ስለ ነርሷ አንዱን ካንዱ እያደባለቀ ሊያስረዳ ሞከረ። የተናገረው ለራሱም አልገባውም። ጋዲሴ አቋረጠችውና ለልጇ ይህ ቀነዓ ነው አለችው። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ሮብሳን ሸክሙን ከትከሻው አወረደ፤ ማጭዱን ግን አላስቀመጠም።

ያኔ የቀነዓ ኪስ ተንቀጠቀጠ። ቆመ። እንደገና ተንቀጠቀጠ። ሮብሳን ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፣ ቀረብ ብሎ እጁን የቀነዓ ኪስ ውስጥ ከተተና ስልኩን አውጥቶ አነሳው። ስልኩ አሮጌ ነው፤ የደዋዩ ድምፅ ደጁን ሞላው።

"ኦቦ ቀነዓ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ የት ነዎት?" ሂዳያ ናት፤ ከኋላዋ ባየሽ ታለቅሳለች።

ሮብሳን በገበያ አማርኛው ቀነዓ አለመሆኑን፣ ሰውየው ግን ፊቱ እንዳለ ነገራት። ልጅቷ ማንነቱን እንኳ አልጠየቀችም፤ ቃላቱ ተደራርበው ወጡ። እንዳይራመድ፣ እግሩን ከፍ አድርጉለት፣ ቶሎ ሆስፒታል ይምጣ አለች። "ደም መላሹ ነው፣ ወንድሜ፣ ዛሬ ካልደረስንበት ይገድለዋል።"

"ደም መላሹ እኮ እኔ ነኝ" አለ ሮብሳን።

 ሂዳያ ምን ማለትዎ ነው አለች። ሮብሳንም አንቺ ምን ማለትሽ ነው አላት። ሁለቱም ትንሽ ተወዛገቡ። ኋላ እሷ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ለሕፃን እንደሚነግር ሰው ቀስ ብላ ጀመረች። ልብ ደሙን ገፍታ እስከ እግር ጣት ትልከዋለች። መውረዱ ቀላል ነው፤ ጭንቁ መመለሱ ነው፤ ከታች የሚገፋው ልብ የለም፣ ዳገት ነው። ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር ደም መላሽ ይባላል። ውስጡ ትንንሽ በሮች አሉት፣ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ። ሰው ሲራመድ ባቱ እየጨመቀ ደሙን ከበር በር ያሳልፈዋል፤ ቆሞ ሲውል ግን ደሙ ታች ይተኛል፣ በሮቹም ይላላሉ። የኦቦ ቀነዓ በሮች በመቆም ብዛት ላልተዋል። አሥር ቀን ሲተኛ ደግሞ ደሙ ውስጥ ለውስጥ ረግቶ መንገዱን ዘጋው። ያ የረጋው ቁራጭ ከቦታው ከተነሳ ወደ ልብ ወጥቶ፣ ከዚያ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ትንፋሹን ያቆመዋል።

"ካልመጣስ መቼ ይሞታል?" አለ ሮብሳን።

አላውቅም አለች፤ ነገ ሊሆን ይችላል፣ አሁንም ሊሆን ይችላል። ሮብሳን ስልኩን ዘጋው።

ቀነዓ ሁሉንም ሰምቷል። መጀመሪያ ያልገባው ነገር አሁን አንድ በአንድ ቦታው ገባ፤ በግራ በኩል ማለት፣ ከታች ተነስቶ ማለት፣ ጉልበቱ ጋ ደርሷል ማለት። ሊያስቀውም ሊያስለቅሰውም ደረሰ። ከእግሩ ሸሽቶ፣ በዚያው እግሩ ተራምዶ፣ በእውነተኛው ሰው እጅ ላይ ራሱን አምጥቶ አስቀመጠ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል፤ እሱ ግን እስኪደርስበት እንኳ አልጠበቀም። አፈረ። ከፍርሃቱ ይልቅ እፍረቱ በለጠበት። ሮብሳንም መደቡ ላይ፣ ከሱ አንድ ክንድ ርቆ ተቀመጠ። ማጭዷ ጉልበቱ ላይ ናት።

"ምንም ማድረግ አይጠበቅብህም" አለው ቀነዓ። "ቁጭ ብትል ይበቃል። እጅህ ላይ ደም አይኖርም፣ ማንም አይጠይቅህም።"

ይህን ያለው ሊፈትነው አልነበረም። እውነት ስለሆነ ነው። ሮብሳን መሬት መሬቱን አየ። ሣሩ ከቀነዓ እጅ ወድቆ በሁለቱ መሃል ተበትኗል። ከጓሮ ፈረሱ አኮራፋ። ጊዜው ሄደ፣ ቀነዓ ስንት እንደሄደ አያውቅም፤ ባቱ ብቻ ትር ትር ይላል። ከዚያ ሮብሳን ቀና ብሎ እናቱን አየ። ያንን አስተያየት ቀነዓ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ያን ሁሉ ዓመት የፈራው ሰው፣ ምን ላድርግ ብሎ እናቱን የሚጠይቅ ግራ የገባው ልጅ ነው።

ጋዲሴ ተነሳች። "የወረወረው እጅ ይምጣ ብዬ ሃያ አራት ዓመት ጠብቄ" አለች፣ "መጣ ብዬ ሳልጨርስ እግሩ ሊገድልብኝ ነው? አልፈቅድም። አንሳው!"

ሮብሳን ማጭዷን ጣለ። ቀነዓን እንደ ነዶ ተሸክሞ ጓሮ ካለው ጋሪ ላይ አጋደመው፤ ጋዲሴ ባቄላ የሞላውን ጆንያ ጎትታ ከእግሩ ሥር አስገባችለት። የሮብሳን ጋሪ የሚወጣው በዙሪያው መንገድ ነው፤ ቀነዓ በአቋራጩ ዳገት የለፋው በከንቱ ነበር። ጋሪው ሊነሳ ሲል ጋዲሴ ጠርዙን ይዛ፣ እርቁ እንዳልቀረለት፣ እግሩ ሲሽር እጁን ይዞ እንደገና እንዲመጣ፣ ሽማግሌ እንዲይዝ፣ ካልመጣ ግን ራሷ አምቦ ድረስ እንደምትሄድ ነገረችው። እንደምትሄድ አልተጠራጠረም።

መንገድ ላይ ሮብሳን ብዙ አላወራም። ፈረሱን በቀስታ ይነዳል፤ ድንጋይ ሲመጣ ወርዶ ልጓሙን ይዞ ያሳልፋል። ጊንጪ ሊደርሱ ሲሉ ጀርባውን እንደሰጠ ተናገረ። ልጅ ሆኜ ደም መላሽ እያሉ ነበር የሚጠሩኝ አለ። አጎቶቼ በየበዓሉ ያስታውሱኛል፣ የአባትህ ደም አልተመለሰም ይሉኛል። "ፊትህን አላውቀውም ነበር። ምን እንደምመልስም አላውቅም ነበር።" ቀነዓም፣ አባትህ የመንደሩ ጎበዝ ፈረሰኛ ነበር አለው፤ ጉግስ ላይ ሲያሸንፍም በተሸነፈው አይስቅም ነበር። ሮብሳን ይህን ማንም አልነገረኝም አለ፤ ፈረሱንም ትንሽ ፈጠን አደረገው።

ጊንጪ ላይ መኪና አገኙ፤ ሮብሳንም በቀነዓ ስልክ ለነርሷ እየመጡ መሆኑን ነገራት። አምቦ ሆስፒታል በር ላይ ባየሽና ሂዳያ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ባየሽ የባሏን ግራ ጫማ እንደ ታቦት አቅፋዋለች። ዘላ ትስመዋለች ሲባል፣ መጀመሪያ በጫማው ትከሻውን መታችው፣ ከዚያ ሳመችው። ዶክተሩ መርምሮ መርፌ አስወጋው። ደሙ የረጋው እግሩ ውስጥ ነው፣ አልተነሳም፣ ግን ያን ዳገት በእግሩ ወጥቶ በሕይወት መምጣቱ የእግዜር ሥራ ነው አለ። ሂዳያ ያንን ስትሰማ ግድግዳ ተደግፋ እንባዋን ጠረገች። ነገሩ ሁሉ በስልኳ እንደተጀመረ ገና ማንም አልነገራትም፤ ቀነዓ ኋላ እነግራታለሁ፣ ወይም አልነግራትም አለ በልቡ።

ከዚያ መዝጋቢው ቅጹን ይዞ መጣ። ስም ጻፈ፣ ዕድሜ ጻፈ፣ ቀበሌ ጻፈ። ቀና ሲል ከአልጋው ግርጌ የቆመውን፣ ልብሱ ላይ ገለባ ያለበትን ወጣት አየ። ይዞት የመጣው አንተ ነህ አለው። ሮብሳን ራሱን ነቅንቆ አዎ አለ። ለበሽተኛው ምኑ ነህ?

ሮብሳን ልብሱ ላይ ያለውን ገለባ አራገፈ።  ባየሽ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ እሷም ገና ማንነቱን አታውቅም።

"ደም መላሼ ነው" አለ ቀነዓ ከአልጋው ላይ።

መዝጋቢው እስክሪብቶውን አንስቶ ቆየ። ቅጹ ላይ እንዲህ የሚባል ቦታ የለም። ሁለቱንም ተራ በተራ አያቸውና፣ ባዶው መስመር ላይ ዘመድ ብሎ ጻፈ። ሮብሳን ጎንበስ ብሎ አነበበው፤ አርመው አላለውም።